ያረጀ የኤሌክትሪክ መኪና ጋይንት ሲደርስ

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ የሚከለክለው ውሳኔ በጥር ወር 2016 ዓ.ም ይፋ ከተደረገ ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የዘወትር እይታ ሆኗል። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ቁጥራቸው ከ100 ሺህ መብለጡን በ2017 ዓ.ም ገልጾ ነበር። የውሳኔው ዓላማ በየዓመቱ ለነዳጅ ግዥ የሚወጣውን በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር የውጭ ምንዛሪ መቀነስና አገሪቱ ከውኃ የምታመነጨውን ኃይል ለትራንስፖርት ማዋል ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀውና 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ለዚህ አቅጣጫ ትልቅ መተማመኛ ሆኗል።

እስከ አሁን ውይይቱ ያተኮረው ስንት መኪና ገባ፣ ስንት የኃይል መሙያ ጣቢያ ተከፈተ በሚለው ላይ ነው። የገባው መኪና ሲያረጅ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ግን ገና ብዙ አልተነሣም። ጥያቄው ይበልጥ የሚመለከተው አዲስ አበባን ሳይሆን እንደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ያሉትን የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ወረዳዎች ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በዋና ከተማዋ ጥቂት ዓመታት የሠራ ሚኒባስ፣ አይሱዙ ወይም ፒካፕ ወደ ክልል ከተሞች፣ ከዚያም ወደ ወረዳ ከተሞች መውረዱ የቆየ ልማድ ነው። በኤሌክትሪክ መኪናውም ይኸው መደገሙ አይቀርም። ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ የሚደርሰው አዲሱ ሳይሆን የተጠቀሙበት ነው የሚሆነው።

የነዳጅ መኪና ሲያረጅ ምን እንደሚደረግ የአገራችን መካኒክ ጠንቅቆ ያውቃል። ሞተር ይወርዳል፣ ፒስተን ይቀየራል፣ መኪናውም ሌላ አሥር ዓመት ይሠራል። በኤሌክትሪክ መኪና ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተሩ ተንቀሳቃሽ ክፍሉ ጥቂት በመሆኑ ለረጅም ዘመን ያገለግላል፤ ባትሪውም ቀስ በቀስ ነው የሚደክመው። ከሁሉ ቀድሞ ዘመን የሚያልፍበት ኮምፒውተሩ ነው። በተለይም አሽከርካሪውን ለማገዝ ወይም መኪናው ራሱን እንዲያሽከረክር ለማድረግ የተገጠሙት ካሜራዎች፣ ራዳርና ቺፕ በሦስትና በአራት ዓመት ውስጥ በአዲስ ትውልድ ይተካሉ።

በዚህ ረገድ ሰፊ ትምህርት የሚገኘው ከአሜሪካው ቴስላ ኩባንያ ታሪክ ነው። ኩባንያው በጥቅምት ወር 2016 እ.ኤ.አ. ከዚያ በኋላ የሚያመርታቸው መኪናዎች ሁሉ ሙሉ በሙሉ ራሳቸውን ለማሽከርከር የሚያስፈልጋቸውን ሃርድዌር ይዘው እንደሚወጡ አስታወቀ። ብዙ ደንበኞችም ወደፊት በሶፍትዌር ይመጣል ለተባለው አገልግሎት ቀድመው ከፈሉ። ይሁንና በ2019 እ.ኤ.አ. የተገጠመው ኮምፒውተር እንደማይበቃ ታውቆ ሦስተኛው ትውልድ ሃርድዌር ወጣ። አገልግሎቱን አስቀድመው ለገዙት ኮምፒውተሩ ያለ ክፍያ ተቀየረላቸው። በ2021 እ.ኤ.አ. በወር ክፍያ ለመጠቀም የፈለጉ የአሮጌ መኪና ባለቤቶች ግን ለመቀየሪያው በመጀመሪያ 1 ሺህ 500 ዶላር ተጠየቁ፤ ቅሬታ ሲበዛ ዋጋው ወደ 1 ሺህ ዶላር ወረደ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ2023 እ.ኤ.አ. አራተኛው ትውልድ መጣ። የቀድሞው ካሜራ 1.2 ሜጋ ፒክስል ሲሆን የአዲሱ 5 ሜጋ ፒክስል ነው፤ የኮምፒውተሩ ቅርጽ፣ የኃይል ፍላጎቱና ሽቦው ሁሉ ተለውጧል። የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ኢሎን መስክ በዚያው ዓመት ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ትውልድ መለወጥ በወጪ ረገድ አዋጭ እንደማይሆን ተናገሩ። በጥር ወር 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሦስተኛው ትውልድ ለተባለው ዓላማ እንደማይበቃና ለአገልግሎቱ ለከፈሉ ደንበኞች ኮምፒውተሩን መቀየር ግድ እንደሚሆን፣ ሥራውም አስቸጋሪ እንደሆነ አምነዋል። ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር ቀላል ነው። ማሻሻል የተቻለው አሮጌውና አዲሱ ኮምፒውተር በአንድ ቦታና በአንድ ሶኬት እንዲገጥም ሆኖ ሲሠራ ብቻ ነው። ቅርጹ ከተለወጠ ሠሪው ኩባንያ ራሱ ይቸገራል።

ለአገራችን ይበልጥ የሚቀርበው ግን የቻይናው ቢዋይዲ ነው፤ የዚህ ኩባንያ ምርቶች በአዲስ አበባ በብዛት ይታያሉና። ኩባንያው በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. አሽከርካሪን የሚያግዝ ሥርዓቱን ሲጋል በተባለችው አነስተኛ መኪና ሳይቀር ያለ ተጨማሪ ዋጋ መግጠም ጀመረ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብለው ተመሳሳይ ሞዴል የገዙ ቻይናውያን ቅር መሰኘታቸው በወቅቱ ተዘግቧል። መኪናቸው አዲስ ነው፤ ካሜራዎቹና ቺፑ ግን ስለሌሉበት በሶፍትዌር ብቻ ሊሻሻል አይችልም። ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት መኪናዎች በውስጣቸው የአንድ ትውልድ ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ በጨረታ ኮሚቴ ውስጥ የሚቀመጥ ባለሙያ ሁሉ ሊያስተውለው ይገባል።

ለመሆኑ አሮጌን መኪና ለማሻሻል ምን ምን ያስፈልጋል? ኮምፒውተሩና ካሜራው የሥራው ግማሽ ናቸው። መሪውና ፍሬኑ በኤሌክትሪክ ትእዛዝ የሚሠሩ መሆን አለባቸው፤ አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ይህን ያሟላሉ። ሽቦው አዲሱን መሣሪያ መሸከም ይኖርበታል፤ ሶፍትዌሩን ለመጫንም የሠሪው ኩባንያ ፈቃድ ያሻል። በመጨረሻም እያንዳንዱ ካሜራና ራዳር በደልዳላ ወለል ላይ፣ በተለየ የልኬት ሰሌዳ ፊት ለፊት ቆሞ መስተካከል ይኖርበታል። በአንዳንድ አገሮች የፊት መስታወት ላይ የሚለጠፍ መሣሪያ ገዝተው መኪናቸውን የሚያሻሽሉ አሉ። ኮማ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሸጠው መሣሪያ ከ250 በላይ የመኪና ዓይነቶችን ይደግፋል። ሞዴሎቹ ግን በአመዛኙ በአሜሪካ ገበያ የሚሸጡ ናቸው፤ መሣሪያውም መኪናው አስቀድሞ የያዘውን የመሪና የፍሬን ቁጥጥር ይጠቀማል እንጂ ከባዶ አይፈጥርም።

ወደ ኢትዮጵያ ከገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ብዙዎቹ ለቻይና የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩና በሠሪው ኩባንያ ወኪል በኩል ያልመጡ ናቸው። የስክሪናቸው ጽሑፍ ቻይንኛ ነው፤ ካርታቸው የቻይናን መንገድ እንጂ የወረታ ወልዲያን መስመር አያውቅም፤ ከኩባንያው ኮምፒውተር ጋር የሚገናኙበት የሞባይል መስመርም እዚህ አይሠራም። በመሆኑም በሌላ አገር በኢንተርኔት የሚወርደው የሶፍትዌር ማሻሻያ ለእነዚህ መኪናዎች አይደርስም። ሃርድዌሩን መቀየር ይቅርና በውስጡ ያለውን ሶፍትዌር ማደስ ራሱ ችግር ነው። በአንጻሩ እንደ ማራቶን ሞተር ያሉ ድርጅቶች በአገር ውስጥ የገጣጠሟቸው መኪናዎች ተጠያቂ የሚሆን አካል አላቸው። ማራቶን ሞተር የሀዩንዳይ አዮኒክን የኤሌክትሪክ ሞዴል መገጣጠም የጀመረው በ2012 ዓ.ም በመሆኑ የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ከአምስት ዓመት በላይ አገልግለዋል። የአሮጌ ኤሌክትሪክ መኪና ጉዳይ የነገ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

አሁን ወደ ደቡብ ጎንደር እንመለስ። ከወረታ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወልዲያ የሚደርሰው መንገድ በቻይና መንግሥት ድጋፍ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ የተሠራ፣ ኋላም አስፋልት የለበሰ ነው። የአካባቢው ሰው የቻይና መንገድ ይለዋል፤ አሁን መኪናውም ከቻይና መምጣቱ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያስቀለጡትን ሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ዓ.ም ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ በዚሁ አቅጣጫ መንገድ እየጠረጉ ወራት ፈጅቶባቸዋል። ዛሬም ከዋናው መስመር ወጣ ሲባል አብዛኛው የታች ጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ቀበሌ የሚደረስበት በጠጠርና በአፈር መንገድ ነው፤ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆዎች የሚወርደው ደግሞ ገደል ለገደል የሚሄድ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ራሱን የሚያሽከረክር ሥርዓት የሚመራበት ምልክት የለም። ሥርዓቱ የሚያነበው የተቀባ መስመር፣ የመንገድ ዳርና የትራፊክ ምልክት ነው። በጠጠር መንገድ መስመር አይቀባም። በገበያ ቀን አህያ ከነጭነቱ፣ የበግ መንጋና እግረኛ አንድ ላይ መንገዱን ይሞሉታል፤ በክረምት ጉም ከጉና ተራራ ይወርዳል፤ በበጋ ከፊት ያለው አይሱዙ የሚያስነሣው አቧራ ካሜራውን ይሸፍነዋል። ከአይሱዙው ጎማ የምትፈናጠር ጠጠር የፊት መስታወቱን ስትሰነጥቅ ደግሞ መስታወቱ ይቀየራል። ብዙ ጊዜ ዋናው ካሜራ ከመስታወቱ ጀርባ የተገጠመ በመሆኑ ልኬቱ እንደገና መስተካከል አለበት፤ ካልሆነ ሥርዓቱ መንገዱን አዛብቶ ያያል። መስታወት የሚቀይር ሰው በየከተማው አለ። ልኬቱን የሚያስተካክል መሣሪያ ግን ከአዲስ አበባ ወጣ ሲባል ማግኘት አዳጋች ነው።

ባደጉት አገሮችም ቢሆን ይህ ቴክኖሎጂ ያለ ጥንቃቄ አልተተወም። በቻይና በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ሻዎሚ ኤስዩ7 የተባለው መኪና አሽከርካሪን በሚያግዘው ሥርዓት ሲጓዝ ቆይቶ በደረሰበት አደጋ ሦስት ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። በቀጣዩ ወር የአገሪቱ የኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ኩባንያዎች ራሱን የሚያሽከረክር የሚል ቃል በማስታወቂያ እንዳይጠቀሙና በኢንተርኔት የሚልኩት ማሻሻያ በጥብቅ እንዲፈተሽ አሳስቧል። ዛሬ በገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ሥርዓት ሹፌሩ እጁንና ዓይኑን ከመንገዱ እንዳያነሣ የሚጠይቅ እገዛ ብቻ ነው።

ይህ ማለት ግን ለጋይንት የሚሆን ማሻሻያ የለም ማለት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዳዲስ መኪናዎች ሁሉ ላይ በራሱ የሚይዝ የአደጋ ጊዜ ፍሬንና የፍጥነት ማሳሰቢያ እንዲኖር አስገድዷል። በኢትዮጵያ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት መካከል የእግረኛው ድርሻ ከፍተኛ በመሆኑ ከፊት ሰው ሲገባ በራሱ የሚይዝ ፍሬን፣ መኪናው ራሱን ከማሽከርከሩ ይልቅ ይጠቅመናል። መሣሪያው በብዙ ሞዴሎች ላይ አስቀድሞ አለ፤ የሚፈለገው መጠበቅና ልኬቱን ማረጋገጥ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ባትሪው ነው። ከባሕር ዳር እስከ ነፋስ መውጫ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከፍታው ከ1 ሺህ 800 ሜትር ወደ 3 ሺህ 100 ሜትር ገደማ ይወጣል። አራት ሰዎች የያዘችና 1.5 ቶን የምትመዝን ሲጋል ይህን 1 ሺህ 300 ሜትር ለመውጣት ብቻ፣ በሜዳ ከሚያስፈልጋት በተጨማሪ፣ ወደ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ትፈልጋለች። ትልቁ ባትሪዋ 38.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ነውና 15 በመቶው ለዳገቱ ይውላል። ስትመለስ ቁልቁለቱ ከዚህ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልስላታል። ባትሪው ደክሞ ከአቅሙ ሲሶው ቢጎድል፣ የነፋስ መውጫም ብርድ ቢጨመርበት፣ ሒሳቡ ይጠባል። ከወገዳ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጉዞ ላለበት አምቡላንስ የባትሪው ጤንነት የሕይወት ጉዳይ ነው።

ፈጣን የኃይል መሙያ ጣቢያ በ2017 ዓ.ም ኢትዮ ቴሌኮም የከፈታቸውን ጨምሮ በዋናነት የሚገኘው በአዲስ አበባ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ የተከሰተው የጸጥታ ችግርም በምሥራቃዊ ደቡብ ጎንደር የመሠረተ ልማት ሥራውን አዘግይቶታል።

በመሆኑም መኪና የሚገዙና የሚያስተላልፉ መሥሪያ ቤቶች ከወዲሁ ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። በጨረታ ሰነድ ላይ የመቀመጫና የጎማ ዝርዝር እንጂ የኮምፒውተሩ ትውልድ፣ ሶፍትዌሩን የሚያድሰው አካል፣ የጥገና መመሪያውና የመለዋወጫው አቅርቦት ሲጠየቅ ብዙ አይታይም። ከአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ወደ ወረዳ የሚተላለፍ መኪና የባትሪ ምርመራ ውጤትና የካሜራ ልኬት ማረጋገጫ አብሮት ቢሄድ ተረካቢው የተረከበውን ያውቃል። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲና በዞኑ ያሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አንድ የልኬት ሰሌዳና አንድ የባትሪ መመርመሪያ ቢኖራቸው፣ ከነፋስ መውጫ የሚነሣው ሹፌር ለመስታወት ልኬት ብሎ አዲስ አበባ ድረስ መጓዝ አያሻውም። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ በራሱ ለሚነዳ ሥርዓት ተብሎ በአንድ የቢሮ መኪና ዋጋ ላይ ከሚጨመረው ጋር ተነጻጽሮ ሊታይ ይገባዋል።