ብሎን ራስ ላይ የተማረ እጅ

“አሰልቺውን ሥራ ማሽን ይሥራው፣ ፈጠራው ለሰው ይተርፋል።” ይህን አባባል በዚህ ሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ስንቴ ሰማችሁት? እኔ ሶፍትዌር አልሚ ነኝ፤ ሳልሰማው ያለፈ ሳምንት ካለ ታምሜ ቤት የዋልኩበት ነው። ውሸት ነው ብዬ ልሟገት ነው የመጣሁት። ማስረጃዬን ግን ከእኛ ቢሮ አላመጣም። የእኛ ሙያ ገና ልጅ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ከኋላው ምን እንደሚከተል የሚያሳይ ዕድሜ የለውም። ማስረጃዬ ጠመንጃ ላይ በእጃቸው ሐረግ የሚቀርጹ ሰዎች ናቸው።

አዎ፣ ጠመንጃ። እኛ አገር ስሙ ሲነሣ ሆድ የሚብስበት ጊዜ ላይ መሆናችን አይጠፋኝም። እኔም የለኝም፣ እንዲኖረኝም አልፈልግም። የማወራው ሀብታሞች ለአደን፣ ይበልጡን ደግሞ በመስታወት ሳጥን ለማስቀመጥ ስለሚያሠሩት ነው። ይህም ካልተዋጠላችሁ ጠመንጃውን እርሱትና ብረቱን ብቻ ተመልከቱ።

ሐረግ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። የብራና መጻሕፍታችን ገጽ ራስጌ ላይ እየተጠላለፈ የሚሄደውን ጌጥ የምንጠራበት ቃል ለዚህኛውም ልክክ ይላል። የጠመንጃው ሐረግ መነሻው አካንተስ ነው፤ ግሪኮች የዓምዶቻቸውን አናት ያስጌጡበት ቅጠል። ግንዱ እየቀጠነ ወደ ውስጥ ይጠቀለላል፣ ከጀርባው ቅጠል ያወጣል፣ ከቅጠሉ ሥር ሌላ ጥቅል ይወለዳል። የእንግሊዞቹ ደቃቅና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ የለንደኑ ፐርዲ ከጽጌረዳ ጋር እያዋሐደ ይታወቅበታል። የአሜሪካኖቹ ሰፋ፣ ደፈር ይላል። በሰሜን ጣልያን፣ ብሬሻ አጠገብ ያለችው ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ ደግሞ ቡሊኖ በሚባል ሹል መቅረጫ፣ በነጥብና ከፀጉር በቀጠነ መስመር ብቻ፣ ፎቶ የሚመስል ሥዕል ብረት ላይ ታወጣለች። የፊርሞ ፍራካሲን ሥራዎች ፈልጉና እዩ፤ እጠብቃችኋለሁ።

መሣሪያው ራሱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፦ ጫፉ ተስሎ የወጣ አጭር የብረት ዘንግ። በመዳፍ ይገፋል ወይም በትንሽ መዶሻ ይመታል። ጠለቅ ሲል መስመሩ ይሰፋል፣ ቀለል ሲል ይሳሳል፤ ጥልቀትና ስፋት አብረው ነው የሚሄዱት። የተቆረጠው የብረት ግድግዳ ለስላሳ ስለሆነ ብርሃን ይመልሳል። ጠመንጃውን ዘንበል ሲያደርጉት ሐረጉ የሚንቀሳቀስ የሚመስለው ለዚህ ነው። ሌዘር ግን አይቆርጥም፣ ያቃጥላል፤ የሚተወው ወለልም ፈዘዝ ያለ ነው።

ክርክሬ ግን ይሄ አይደለም። “የማሽን ሥራ ነፍስ የለውም” እያሉ የሚሟገቱ ወዳጆቼ መሸነፋቸው አይቀርም፤ ምክንያቱም ክርክራቸውን ነገ ሊሻሻል በሚችል ነገር ላይ ነው ያቆሙት። ሌዘሩ ነገ ያማረ መስመር ሊያወጣ ይችላል። ያኔ ምን ሊሉ ነው?

እኔ የምለው ስለ ሰውየው ነው። ማንም አንበሳ በመቅረጽ አይጀምርም። ጀማሪ ጠፍጣፋ ብረት ላይ መጀመሪያ ቀጥ ያለ መስመር፣ ከዚያ ቅስት፣ ከዚያ ጥቅል ይቆርጣል፤ መቶ ጊዜ፣ እንደገና መቶ ጊዜ። እውነተኛ ሥራ ሲሰጠው ደግሞ ጠርዝ ነው፣ ፊደል ነው፣ በሐረጎቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ በነጥብ መሙላት ነው፣ የብሎን ራስ ነው። የብሎን ራስ ስላችሁ አትናቁት። በምርጥ ጠመንጃ ላይ ካቻቪቴ የሚገባባቸው ስንጥቆች በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ቆመው ነው የምታገኟቸው፤ ሐረጉም ከብረቱ ወደ ብሎኑ፣ ከብሎኑ ወደ ብረቱ ሳይቋረጥ ማለፍ አለበት። ከጥፍር በምታንስ ክብ ላይ እጅ መታዘዝን ይማራል። መቅረጫው ሊያመልጥ ሲል ከማምለጡ በፊት ማወቅን ይማራል። ይህን በንግግር የሚያስተምር ሰው የለም።

ደግሞ ይህ ሥራ ርካሽ ነው፤ ዋናው ነገርም ርካሽነቱ ነው። ርካሽ ጠመንጃ ላይ የሚደረግ ርካሽ ጌጥ፣ ጀማሪ እየተከፈለው የሚማርበት ቦታ ነው። ትልልቆቹ ወርክሾፖች፣ ለምሳሌ በአሜሪካ ኩኖ ሄልፍሪክት እ.ኤ.አ. ከ1871 እስከ 1921 የመራው የኮልት፣ በቤልጂግ ፌሊክስ ፉንከን የመራው የኤፍ ኤን፣ ብዙ እጅ የሚፈልግ ተደጋጋሚ ሥራ ነበራቸው። ያው ንድፍ፣ ዛሬም ነገም። አሰልቺ? በጣም! ግን ደረጃው የሚጀምረው እዚያ ነው።

ዛሬ መካከለኛ ዋጋ ባላቸው የአደን ጠመንጃዎች ላይ የምታዩት ሐረግ በአብዛኛው የማሽን ነው። አንዳንዱ “በእጅ የተጠናቀቀ” ይባላል፤ ሌዘሩ ከጨረሰ በኋላ ሰው ጥቂት መስመር ጨምሮበት ማለት ነው። ሌላ ሰው ያበሰለው ወጥ ላይ ጨው ነስንሶ “እኔ ነኝ የሠራሁት” እንደማለት። በእጅ የሚቀረጸው ላይኛው ፎቅ፣ የሀብታሞቹ፣ አለ። ምድር ቤቱ ነው የተወሰደው።

“ማሽን እኮ ድሮም ነበር” የሚል አለ። ትክክል። ኮልት እ.ኤ.አ. በ1851 ባወጣው ሽጉጥ ላይ፣ ጥይት የሚይዘው ተሽከርካሪ ክፍል ዙሪያውን እ.ኤ.አ. ሜይ 16 ቀን 1843 የተደረገ የባሕር ውጊያ አለበት፤ የተሠራውም በማሽን እየተንከባለለ ነው። ሞዱን የቀረጸው ዋተርማን ኦርምስቢ የሚባል የባንክ ኖት ቀራጺ ነበር። ግን ልብ በሉ፦ ያ ማሽን ያንኑ አንድ ሥዕል ከመድገም ሌላ አያውቅም። ሐረግ የሚፈልግ ገዢ ሲመጣ አሁንም ሰው ይቀርጽ ነበር፤ ጀማሪውም ከጎኑ።

ማሽን ሁሉ ጠላት ነው የሚል እንዳይመስላችሁ። ዛሬ ብዙ ቀራጺዎች በአየር ግፊት የሚመታ መቅረጫ ይዘው፣ በማይክሮስኮፕ እያዩ ነው የሚሠሩት። መዶሻውን አየር ተካው፤ መስመሩ የት ይታጠፍ፣ የት ይሙት የሚለውን ግን ያው እጅ ይወስናል። ጀማሪውም በዚያው ይማርበታል። ድካም የሚቀንስ መሣሪያና ተማሪውን ከክፍል የሚያስወጣ መሣሪያ ለየቅል ናቸው።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር። ሥራ ስጀምር የተሰጠኝ የቀን መቀየሪያ ነበር፣ ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ። ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ስትሆን ፕሮግራሙ “እንዲህ ያለ ቀን የለም” ይል ነበር። ሲኒየራችን ቢይዘው ሃያ ደቂቃ አይፈጅበትም። እኔ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በሦስቱ ቀን ግን የሲስተሙን ግማሽ አነበብኩ፤ ማን ማንን እንደሚጠራ፣ የት ጋ ቢነካ የት ጋ እንደሚጮኽ አወቅሁ። ያ የእኔ የብሎን ራስ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለው ሥራ ለጀማሪ አይደርስም፤ ሞዴሉ ቡና ሳይፈላ ይጨርሰዋል። ኮዱ ይሠራል። ሲስተሙን ያነበበ ልጅ ግን አልተገኘም።

“ትምህርት ቤት ለምን ተሠራ ታዲያ?” ትሉኝ ይሆናል። ሊዬዥ የጠመንጃ ሥራና ቅርጽ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አለ፤ የኦስትሪያዋ ፌርላኽም አላት። ጥሩ ነው። ግን ትምህርት ቤት የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ነው የሚሰጣችሁ። ከዲፕሎማው እስከ ጌታው መካከል ያሉት ረጅም ዓመታት ድሮ የሚሸፈኑት ሰው ርካሽ ሥራ ስለሚገዛ ነበር። እኔም ኢንጂነሪንግ ተመርቄ ነው ጳጉሜን ያስቸገረችኝ።

የሀብታም መጫወቻ ነው፣ ይሙት የሚል ካለ አልጣላውም። ይሙት ማለት ሐቀኛ አቋም ነው። የማልቀበለው ደረጃውን ነቅለው ሲያበቁ “ፎቁን ለእናንተ ትተንላችኋል” የሚሉትን ነው። ትንሹን ሥራ ለማሽን የሰጠ ድርጅት ከዚያ ካተረፈው ላይ ለጀማሪ ይክፈል፣ ሦስት ቀን የሚፈጅበትን ሥራ እያወቀ ይስጠው፤ ይህንንም እንደ ሰርቨር ኪራይ ወጪ ብሎ ይመዝግበው። ጠመንጃ ሠሪውም ሌዘር ከሆነ ሌዘር ነው ብሎ ይጻፍ።

በቅርቡ አንድ የሥራ ማስታወቂያ አየሁ። ሲኒየር አልሚ ይፈልጋሉ፣ አምስት ዓመት ልምድ። የድርጅቱን ገጽ ወደ ታች ወርጄ ለጀማሪ የወጣ ማስታወቂያ ፈለግሁ፤ አንድም የለም። አምስቱን ዓመት የት እንዲሠራ ነው?