አዳዲ ማርያምና የእኛ አደራ

የአዋሽ ወንዝ ከቆቃ ሐይቅ ገብቶ ወደ አዳማና ወደ ወንጂ ከመውረዱ አስቀድሞ በመልካ ቁንጡሬ በኩል ያልፋል። እኛ በታች የምንኖረው ሰዎች ወንዙን ደኅና አድርገን እናውቀዋለን፤ ነገር ግን ከመልካ ቁንጡሬ በስተምዕራብ በገጠር ያለችውን የአዳዲ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ሄደን ያየን ጥቂቶች ነን።

አዳዲ ማርያም ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተክቦ የተሠራች አይደለችም፤ ከዐለት ተፈልፍላ የወጣች ናት እንጂ። በ12ኛው ወይም በ13ኛው መቶ ዓመት እንደ ተሠራች ይገመታል። የአገሩ ሰዎች ንጉሥ ላሊበላ ወደ ዝቋላ በመጣ ጊዜ አሠራት ይላሉ።

ጠራቢዎቹ በዙሪያዋ ጥልቅ ቦይ ቈፈሩ፤ በርና መስኮት ከፍተውም ውስጧን ፈለፈሉ፤ ዓምድ የሚሆነውን ዐለት ግን ሳይነኩ ተዉት። ከመሬት ዝቅ ብላ ስለ ቆመች መንገደኛ በቀላሉ አያያትም። ሥራዋ እንደ ላሊበላዎቹ የለሰለሰ ባይሆንም፥ የሠሩት ሰዎች አሳብ ያው አንድ ነው።

ግንበኛ የተሳሳተውን አፍርሶ ይክባል። በ2011 ዓ.ም. በተመረቀው በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለችውም ልብስ ሰፊ የተበላሸውን ስፌት ተርትራ እንደ ገና ትሰፋለች። ዐለት ጠራቢ ግን አንድ ጊዜ የቈረጠውን መልሶ አይቀጥልም።

ይህም ነገር የሚጠብቋትን ሁሉ ይመለከታል። የዝናብ ውሃ በስንጥቅ ሲሰርግ፥ የዛፍ ሥርም ስንጥቁን ሲያሰፋው፥ ዐለቱ ቀስ በቀስ ይፈረካከሳል። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት በስዊስ እርዳታ ታድሳለች፤ ዳሩ ግን እድሳት ዕድሜ ይጨምራል እንጂ የጠፋውን ዐለት አይመልስም።

እንግዲህ ተማሪ የሆንን እንደ ሆነ ሄደን እንለካ፥ እንሳል፥ ሽማግሌዎችንም ጠይቀን እንጻፍ። በመሥሪያ ቤት የተቀመጥን ወጣቶች ደግሞ የበለጠ አደራ አለብን። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በተከለለ የቅርስ ቦታ ያለ ፈቃድ መገንባትንና መቈፈርን ይከለክላል። ሕጉ መልካም ነው፤ ሆኖም ሕጉን የሚሠራበት ሰው ነው። የመንገድ ወይም የድንጋይ ማውጫ ፈቃድ የሚጠይቅ ወረቀት ከጠረጴዛችን ላይ ሲደርስ፥ ከመፈረማችን በፊት ተነሥተን ቦታውን በዓይናችን ማየት ይገባናል።

እነዚያ ጠራቢዎች መሮ ሳያነሡ አሰቡ። እኛም ብዕር ሳናነሣ እናስብ።