ማሳሰቢያ፦ ማታ በር ለሚከፈትለት ወንድ ውሻ ባለቤት

በከተሞቻችን ቡችላ የሚወስድ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ወንድ ነው?» ብሎ ነው። ሴቷ ትወልዳለች፣ ወንዱ ግን ጣጣ የለበትም ይባላልና። በዚህ ሐሳብ የተነሳ ስንት ሴት ቡችላ ዓይኗን ሳትገልጥ በማዳበሪያ ከረጢት ተደርጋ ወንዝ ዳር ወይም ቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ትጣላለች። አባትየው ደግሞ ሌሊቱን ሲዞር አድሮ፣ ጠዋት ግቢው ተመልሶ ፍርፋሪውን ይበላል። ይህን ማሳሰቢያ የምጽፈው ለዚያ አባት ባለቤት ነው። ውሻዎን ያኮላሹ።

ሴት ውሻ ወንድ የምትፈልግበት ወቅት ሲደርስ ጠረኗ ሩቅ ይሄዳል። ያልተኮላሸ ወንድ ይህ ሽታ ከደረሰው ምግብ ይተዋል፣ ያላዝናል፣ በበሩ ሥር ይቆፍራል፣ አጥር ይዘላል። አይበጠስም የተባለ ሰንሰለት ይበጠሳል። አንዲቷን ሴት ብዙ ወንዶች ተከትለዋት ሲሄዱና መንገድ ላይ ሲናከሱ ያላየ የከተማ ሰው የለም። መኪና የሚገጫቸውም፣ ለባዘኑ ውሾች የተጣለ መርዝ የሚበሉትም አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ንክሻው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው በምራቅ ነውና፣ ሌሊት ከማያውቀው ውሻ ጋር የተናከሰ ውሻ ጠዋት ከልጆች ጋር ይጫወታል። በሽታው በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶው ከውሻ የመጣ ነው። ኢትዮጵያም ክፉኛ ከተጠቁት የአፍሪካ አገሮች አንዷ ናት። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ከሞት የሚያስጥል ሕክምና የለም ማለት ይቻላል።

ብዙ ባለቤቶች የማያውቁት ሌላ በሽታም አለ። ውሾች ሲገናኙ የሚተላለፍ የካንሰር ዓይነት ነው፤ የካንሰሩ ሕዋስ ራሱ ከአንዱ ውሻ አካል ወደ ሌላው ይሸጋገራል። ብልቱ ላይ እንደ አበባ ጎመን የተቆራረሰ፣ በቀላሉ የሚደማ እብጠት ያወጣል። ባለቤቱ መሬት ላይ የደም ጠብታ ሲያይ «ሽንቱ ታሞ ነው» ብሎ ይተወዋል። ብዙውን ጊዜ በመርፌ መድኃኒት ይድናል፤ ነገር ግን በየሳምንቱ እየተመላለሱ ማስወጋት ያስፈልጋል፣ ወጪውም ቀላል አይደለም። የተኮላሸና ከግቢው የማይወጣ ውሻ በዚህ በሽታ የሚያዝበት ዕድል በጣም ትንሽ ነው።

ዕድሜው ሲገፋ ደግሞ ያልተኮላሸ ውሻ ፕሮስቴቱ ያብጣል። ዓይነ ምድር ሲወጣ ያምጣል፣ ሽንቱ ደም ይቀላቅላል። የዘር ፍሬ ካንሰርም አለ፤ ፍሬው ወደ ቦታው ሳይወርድ ሆድ ውስጥ የቀረበት ውሻ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ስለሆነ እሱ ላይ ጉዳዩን ማዘግየት አይገባም። ማኮላሸት የፕሮስቴት ካንሰርን አያስቀርም፤ ይህንንም ማወቅ ይገባል። የፕሮስቴት እብጠትንና የዘር ፍሬ ካንሰርን ግን ይከላከላል።

«ከተኮላሸ ይፈዛል፤ ሌባ አያባርርም» የሚሉ ብዙ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሞፈር የሚጎትተው በሬ ተኮላሽቶ የለ? ጉልበቱ የት ሄደ? ውሻ ግቢውን የሚጠብቀው በዝርያው፣ በአስተዳደጉና ከቤተሰቡ ጋር ባለው ቅርበት ነው። የሚቀንሰው ሴት ፍለጋ መዞሩ፣ በየጥጉ መሽናቱና ከወንዶች ጋር መጣላቱ ነው። በፍርሃት የሚናከስን ውሻ ግን ቀዶ ጥገናው አይለውጠውም፤ ለእሱ ሥልጠናና ትዕግሥት ያስፈልገዋል።

አሁን አጥብቄ የማስጠነቅቀው ነገር አለ። በግና ፍየል እንደሚኮላሹት ውሻን ቤት ውስጥ መቀጥቀጥ፣ በላስቲክ ማሰር ወይም በምላጭ መቅደድ ጭካኔ ነው። በሕመሙ የሚናከስ ውሻ ሰው ይጎዳል፣ ደሙ ሳይቆም ወይም ቁስሉ መርቅዞ ሊሞትም ይችላል። ሥራው የእንስሳት ሐኪም ነው፤ በማደንዘዣ ይሠራል። ትንንሽ ዝርያዎች ስድስት ወር አካባቢ ሊኮላሹ ይችላሉ። እንደ ጀርመን ሸፐርድና ሮትዋይለር ያሉት ትልልቆቹ ግን አጥንታቸው እድገቱን እስኪጨርስ፣ ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል ድረስ መጠበቅ ይሻላቸዋል፤ ቀድመው የተኮላሹት ላይ የመገጣጠሚያ ችግር እንደሚበዛ ጥናቶች አሳይተዋል። ቀኑን ከሐኪሙ ጋር ይወስኑ። ከቀዶ ጥገናው በፊት ስንት ሰዓት መጾም እንዳለበትም ይጠይቁ።

ማኮላሸት ክትባትን አይተካም። ውሻዎን በየዓመቱ ያስከትቡ፣ በሩንም ይዝጉ። የማያውቁት ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡ፣ ከዚያም በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ለጠበል ወይም ለባህል መድኃኒት ብለው ጊዜ አያባክኑ።

ውሻው ከቀዶ ጥገናው ሲመለስ ቁስሉን እንዳይልስ አንገቱ ላይ መከላከያ ይደረግለት፤ እስኪድን ድረስም ከ10 እስከ 14 ቀን አይሩጥ፣ አይታጠብ። በሰውነቱ ውስጥ የቀረ ዘር ስላለ ለአንድ ወር ያህል ሴት ማስረገዝ ይችላልና አርቀው ይያዙት። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ምግብ ያንሳል፤ እንደ ድሮው ከሰጡት ይወፍራል፣ ስለዚህ መጠኑን ይቀንሱለት። ቁስሉ ካበጠ፣ ከሸተተ፣ ደም ካላቆመ ወይም ውሻው ሁለት ቀን ሙሉ ካልበላ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪሙ ይመልሱት።