ሕፃናት አፍ የሚፈቱበት ጊዜ የማኅበሩም ጉዳይ ነው

የገበሬ ማኅበር መሪዎች ስብሰባ ሲቀመጡ የሚነጋገሩት ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ እርከን ሥራና ስለ ግብር ነው። የሁለት ዓመት ሕፃን አንደበት የእናቱ ጉዳይ ነው ተብሎ ይታለፋል። ይሁን እንጂ እናቲቱ በእርከን ሥራ ላይ እስከ ስንት ሰዓት እንደምትውል፣ የውሃው ጉድጓድ የት እንደሚቆፈር፣ ስብሰባው መቼ እንደሚጠራ ሲወሰን የማኅበሩ ድምፅ አለበት። ስለዚህ ሕፃኑ ከማን ጋር እንደሚውል በመወሰንም ማኅበሩ ድርሻ አለው ማለት ነው።

ሕፃን በአንድ ዓመቱ አካባቢ «እማ»፣ «አባ» ማለት ይጀምራል። በሁለት ዓመቱ 50 ያህል ቃላት ይኖሩታል፤ ሁለት ቃል አጋጥሞም «እማ ነይ»፣ «ውሃ ስጪኝ» ይላል። ይህ ግን እንደ አረም በራሱ የሚበቅል አይደለም። ሕፃኑ ቃል የሚያገኘው ፊት ለፊት ከሚያነጋግረው ሰው ነው። ሲኮላተፍ መልስ ካገኘ ይደግማል። በመከር ወራት በስድስት ዓመት እኅቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ የሚውል ሕፃን ጠባቂ አላጣም፤ እኅቲቱም ራሷ ልጅ ናትና ከአዋቂ የሚገኘውን ሁሉ እንድትሰጠው መጠበቅ አይገባም።

ጨዋታም ከሥራ ፈትነት ሊቆጠር አይገባውም። የሁለት ዓመት ልጅ እንጨት እየጎተተ በሬ ይነዳል፤ ልጅቱም የበቆሎ ቆረቆንዳ በጨርቅ ጠቅልላ ታዝላለች። ቆረቆንዳውን እንደ ሕፃን ማየት የቻለች ልጅ፣ ቃልም በነገር ፈንታ የሚቆም መሆኑን እየተረዳች ነው። ለዚህ ከገበያ የሚገዛ መጫወቻ አያስፈልግም። (ባቄላና ሽምብራ ግን ይራቁላቸው፤ አፍንጫና ጆሮ ውስጥ እየከተቱ ጣጣ ያመጣሉ።)

ጥቅሙ ምን ያህል ነው ለሚል፣ በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የተካሄደውን ጥናት መመልከት ይበቃል። ጥናቱ 129 የቀነጨሩ ሕፃናትን ያቀፈ ነበር። የጤና ሠራተኞች ወደ ከፊሎቹ ቤት በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት እየሄዱ፣ እናቶች ከወዳደቁ ዕቃዎች በተሠሩ መጫወቻዎች ከልጆቻቸው ጋር እንዲጫወቱና እንዲነጋገሩ ለሁለት ዓመት አለማመዱ። ከ20 ዓመት በኋላ የእነዚህ ልጆች ገቢ ይህን ካላገኙት በ25 ከመቶ በልጦ ተገኘ። ተጨማሪ ምግብ ብቻውን ግን እንዲህ ያለ ለውጥ አላመጣም። ምግብ ይቅር ማለት አይደለም፤ ወተቱን የምታጠጣው እናት እያጫወተች ታጠጣው ለማለት ነው።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በሥራ ቦታ የሕፃናት ማቆያ እንዲኖር አስቦበታል። ማቆያው የዛፍ ጥላ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። የሚጠጣ ውሃና ሕፃናቱን የምታጫውት አንዲት እናት ያስፈልጉታል፤ ውሎዋም ድንጋይ ከተሸከመችው እኩል እንደ ሥራ ቀን ሊቆጠርላት ይገባል። ሴፍቲኔት በሌለበት ቀበሌም ቢሆን እናቶችን በተራ መመደብ የሚከብድ አይደለም። ትምህርት ቤት ሲገቡ ይደርሱበታል የሚሉ አሉ፤ ልጁ ግን አፉን የሚፈታው ከዚያ ብዙ ቀድሞ ነው።

ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ ጆሮው የሚመግል፣ በሁለት ዓመቱ ቃል ያላወጣ ወይም ይናገር የነበረውን የተወ ሕፃን በመንደሩ ቢኖር፣ «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» እየተባለ ዓመት ሊጠበቅለት አይገባም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በጤና ኬላው እንዲያዩትና ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልኩት ማድረግ፣ መንገዱ ሩቅ ከሆነም ለእናቲቱ በቅሎ ወይም አጃቢ መፈለግ ከማኅበሩ መሪዎች ይጠበቃል።