ለፈረስ ጃንሜዳ ነበረው፤ ለሞተርስ?

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚኒስትሮችን በሾሙበት በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር ተብለው በተሰየሙበት በዚያው ዓመት፣ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ ምድረ በዳውንና ተራራውን አቋርጦ፣ አውቶሞቢል እየነዳ አዲስ አበባ ገባ። ከባሕር ጠረፍ እስከ መናገሻ ከተማችን የሚያደርስ የመኪና ጎዳና በዚያን ጊዜ አልነበረም፤ መኪናው ከመንገዱ ቀድሞ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ተጠርጎ፣ አስፋልቱም ተነጥፎ፣ ዛሬ በፊታውራሪው ስም በሚጠራው በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ከፒያሳ ወደ መርካቶ፣ ከመርካቶም ወደ ፒያሳ አይሱዙው፣ ሚኒባሱ፣ ጭነት ያጎበጠው አህያና ጋሪ የሚገፋው ወዛደር ትከሻ ለትከሻ እየተጋፉ ሲያልፉ ለሚመለከት ሰው፣ በሰፊ ሜዳ ላይ በሞተር እየሮጡ ነፋስ መቀበል የሚባለው ነገር የሌላ ዓለም ወሬ ሊመስለው ይችላል።

ይሁን እንጂ ምኞቱ በከተማችን ወጣቶች ዘንድ አለ፤ እኔም የማይረባ ምኞት ነው ብዬ አልንቀውም። ጎማው ሰፊና ለስላሳ የሆነው፣ እንደ ፈረስ ኮርቻ በመቀመጫው ላይ ተንፈራጥጠው በእጀታ የሚመሩት ባለአራት ጎማ ሞተር፣ አባቶቻችን በፈረስ ያገኙት የነበረውን ደስታ ለዘመኑ ልጆች የሚሰጥ ነውና። አባቶቻችን ጉግሱንና ሽቅድምድሙን የሚወዱትን ያህል፣ ፈረሱ የሰው ቡቃያ እየረገጠ፣ በደጀ ሰላምና በገበያ መካከል እየጋለበ ይጫወት አላሉም። ለፈረሱ ጃንሜዳን ለዩለት፤ ያው ሜዳ ለታቦቱም የጥምቀት ማደሪያ ሆነ፤ ሁለቱም በየጊዜያቸውና በየሥርዓታቸው ተስተናገዱበት። ለሞተሩ ግን እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ሜዳ ለይተን አልሰጠነውም፤ ቦታ ያልተሰጠው ጨዋታ ደግሞ ዞሮ ዞሮ የሌላውን ቦታ መቀማቱ አይቀርም።

የሚቀማው ቦታ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ከድልድዩ ወደ ሰሜን ቀና ብሎ እንጦጦን ማየት ይበቃል። በተራራው ጥግ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ያለውን ቀይ አፈር ጎማ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲመላለስበት አፈሩ ይጠቀጠቃል፤ የተጠቀጠቀ አፈር ውኃ አይጠጣም፤ ስለዚህ የሐምሌ ዝናም ወደ መሬት ይሰርግ የነበረው ቀርቶ የጎማውን ፈለግ ይዞ ቁልቁል ይወርዳል፣ ሲወርድም አፈሩን እየላሰ ያጎደጉደዋል፣ እስከ መስከረም ድረስም ያ የጣት ጥልቀት ብቻ የነበረው ፈለግ የሰው ጉልበት የሚያስገባ ቦረቦር ሆኖ ይገኛል። የከተማችን ወንዞች ከዚያው ከሰሜኑ ተራራ እየወረዱ በየድልድዮቻችን ሥር የሚያልፉ በመሆናቸው፣ በላይ የተቦረቦረው አፈር በታች ደለልና ጎርፍ ሆኖ፣ ሞተር በዓይኑ እንጂ በእጁ ነክቶ የማያውቀውን የወንዝ ዳር ነዋሪ ደጅ ያንኳኳል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ለእግረኛው፣ ለፈረሱና ለብስክሌቱ መንገድ ለይቶ መስጠቱ መልካም ሥራ ነው፤ የቀረው ተዳፋት ግን ለሞተር ፈጽሞ ዝግ መሆን ይገባዋል ባይ ነኝ።

ከከተማ ርቀን ስንሄድ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ከ4000 ሜትር በላይ በሆነው በሳነቴ አምባ ላይ ያልፋል፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ምድር ለጋላቢ የተዘረጋ ሜዳ መስሎ ይታያል፣ ነገር ግን ውስጡ በፍልፈልና በአይጥ ጎሬ የተሞላ ነው፤ በዓለም ላይ በጉልምስና ዕድሜ የሚገኘው ቁጥሩ ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮም የሚኖረው ከዚያ ጎሬ በሚወጣው ሲሳይ ነው። ጎማ ጎሬውን ሲደፍነው የቀበሮውን ማዕድ ደፈነ ማለት ነው። የባሌ ተራሮች በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከእነርሱ አስቀድሞ በ1970 ዓ.ም. የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ፓርክ ግን በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገብቶ እስከ 2009 ዓ.ም. ሳይወጣ ቆየ፤ ከምክንያቶቹም አንዱ በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈው የመኪና መንገድ ነበር። አንድ መንገድ ብቻውን ይህን ያህል ካሳሰበ፣ በዘፈቀደ የሚሄድ ጎማ የቱን ያህል ያሳስብ!

እንዲህ በማለቴ ሁሉ ይዘጋ የምል እንዳይመስል፣ ከልክሎ የመፍቀድን ጥበብ ከአገራችን ሌላ ቦታ መፈለግ እንደማያሻ ላስረዳ። በመንዝ፣ የጓሳን ሜዳ የቀደሙት አቅኚ አባቶች አስቦና ጌራ በፈረስ ግልቢያ ወሰኑን ለይተው እንደተካፈሉት በአፈ ታሪክ ይነገራል። ጋላቢዎች የከለሉት ይህ ምድር፣ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ተጠብቆ ኖረ። የጓሳው ሣር እስኪያድግ ድረስ ሜዳው ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ በተመረጠ አለቃ ሥር ያሉ ጠባቂዎች ይጠብቁታል፤ ሲከፈትም ሁሉም ባለመብት በአንድ ቀን ማጭዱን ይዞ ይወጣል፣ ያጨደው ሣር የቤት ክዳን ይሆነዋል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ሳቢያ ሥርዓቱ ቢፈርስም፣ የአካባቢው ሰው በኮሚቴ ተደራጅቶ ጓሳውን መጠበቁን አልተወም፤ ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም እስከ ዛሬ በዚያ አሉ። ባለመብቱ የታወቀ፣ ወሰኑ የታወቀ፣ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ጊዜ የታወቀ ቦታ፣ ሰው ቢጠቀምበትም አልጠፋም።

በባሕር ማዶም ነገሩ በዚህ መንገድ ሲሠራ እናያለን፤ በአሜሪካ በኦሪገን የባሕር ዳርቻ ባለው የአሸዋ ክምር ከፊሉ ለሞተር ተፈቅዶ ከፊሉ ተከልክሎአል፣ ጋላቢውም ከአሸዋው ጀርባ ለሚመጣው እንዲታይ በረጅም ዘንግ ላይ ሰንደቅ ሰቅሎ ይነዳል። ደግሞም ከዚህ ሞተር የሚመጣው ጉዳት የዋዛ አይደለም፤ የእርሱ ቀዳሚ የነበረው ባለሦስት ጎማው እየተገለበጠ ሕፃናትን ጭምር በብዛት በመግደሉና በማቁሰሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 በዚያው አገር አዲስ ባለሦስት ጎማ እንዳይሸጥ ተደርጓል።

እንግዲህ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ለዘመናት ድንጋይ ሲፈነቀልባቸው ኖረው ሥራቸው ሲያልቅ የተተዉ ካባዎች አሉ፤ አፈራቸው ቀድሞ ተገፍፏል፣ ሣርም እህልም አያበቅሉም፣ ክረምት ውኃ እየሞላባቸው ለልጆች አደጋ ሆነው ከመቅረት በቀር ለማንም አይጠቅሙም። ከእነዚህ አንዱ ውኃው ተቀልብሶ፣ ገደሉ ታጥሮ፣ ለሞተር መጋለቢያ ይሁን። ራስ ቁር ያላደረገ አይግባ፤ አቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ ትልቁን ሞተር አይያዝ፤ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ፣ ከትምህርት ቤትና ከሐኪም ቤት የራቀ ይሁን፤ በክረምት ይዘጋ። ከሁሉ በፊት ግን በዙሪያው የሚኖረው ገበሬ ተጠይቆ ፈቃዱን ይስጥ፣ ከመግቢያው ክፍያም ድርሻ ይኑረው፤ ልጆቹ ጠባቂም ጠጋኝም ሆነው ይቀጠሩበት። ለጠጋኙ መለዋወጫ ከወዴት ይመጣል የሚል ቢኖር፣ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረድ ብሎ መርካቶን ይጠይቅ።

የከተማው አስተዳደር ካባውን መርጦ ቢሰጥ፣ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንም በፓርኮች ውስጥ ከመንገድ የወጣን ጎማ ያለ ይሉኝታ ቢቀጣ፣ ሁለቱ ሥራዎች ተጋግዘው ይሄዳሉ። ሞተር ያላችሁ ወጣቶችም እስከዚያው ድረስ ወደ እንጦጦ ተዳፋት አትውጡ፤ ተሰብስባችሁ፣ ማኅበር አቁማችሁ፣ ማመልከቻችሁን ይዛችሁ ሜዳችሁን ጠይቁ።