ስለ ጽዋው ሠሪ ስም

እግዚአብሔር የምስክሩን ድንኳን ባሠራ ጊዜ የወርቁን፤ የብሩንና የናሱን ሥራ የሚሠራውን ሰው ባስልኤል የኡሪ ልጅ ብሎ በስሙ ጠርቶ፤ ከነአባቱና ከነነገዱ በኦሪት ዘፀአት አስጽፎታል። ይህን የማያውቅ ካህን የለም። ነገር ግን ዕለት ዕለት በእጁ የሚይዘውን መስቀል ማን እንደ ሠራው ቢጠየቅ የሚመልሰው ጥቂቱ ነው።

በዳግማዊ ዐፄ ኢያሱና በእናታቸው በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ለጎንደር ቍስቋም ከተሰጡት ንዋያተ ቅድሳት አንዱ የወርቅ ጽዋ ነው። ሠሪው ወልደ ጊዮርጊስ ይባላል። ከጽዋው ጋራ የሚነሣው ዘውድም ወርቁ ከብርና ከመዳብ ተዋሕዶ የተሠራ፤ የብርጭቆ ፈርጥ የገባበት፤ የወንጌላውያንና የሐዋርያት መልክ የተቀረጸበት ነው። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በወደቀች ጊዜ የእንግሊዝ ጦር ኹለቱንም ወሰዳቸው፤ ምርኮውን ለማጓጓዝ 15 ዝኆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል። ዛሬ በሎንዶን በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ዕቃው የኢትዮጵያ ሲኾን የወልደ ጊዮርጊስ ስም በባዕድ መዝገብ መነበቡ የሚያሳዝን ብቻ ሳይኾን የሚያሳፍርም ነው።

ነገሩ የጎንደር ብቻ አይደለም። በኢሉባቦርም፤ በመቱ፤ በጎሬና በኡካ፤ ማረሻውንና ማጭዱን የሚቀጠቅጠው በኦሮምኛ ቱምቱ የሚባለው ባለጅ ነው። ገበሬው ያለርሱ አያርስም፤ ስሙ ግን በሌላው አገር ጠይብ እንደሚባለው ኹሉ ለንቀት ሲነገር ኖሯል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለጅ በሙያው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለዋል። ስድብን መከልከል አንድ ነገር ነው፤ ስምን ማክበር ግን ሌላ ነው።

ባለጅ ለነፍሱ ይሠራል፤ ስም አይሻም የሚሉ አሉ። ዕቃውን የሰጠው ባለጸጋስ ለነፍሱ አልሰጠምን? የርሱ ስም ግን በጉልሕ ይጻፋል።

ስለዚህ የየደብሩ አለቃ የንዋያተ ቅድሳቱ መዝገብ ሲጻፍ ከሰጪው ስም ቀጥሎ የሠሪው ስም፤ የአባቱ ስምና አገሩ እንዲገባ ቢያዝዝ መልካም ነው። የባህል ጽሕፈት ቤት ሹማምንትም በየገበያው ያሉትን ሽማግሌ ባለጆች እየጠየቁ፤ ሙያውን ከማን እንደ ተማሩና ምን እንደ ሠሩ ያስጽፉ። ለዚህ ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም፤ አንድ ጸሓፊና አንድ መዝገብ ይበቃል። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ሊደረግ ይገባል።