በኋላ ዲስክ ፍሬን ጥገና የሚዘነጋው የእጅ ፍሬን

በአዲስ አበባ ዳገታማ ሰፈሮች የቤት አውቶሞቢሉን የሚያቆም ሾፌር የእጅ ፍሬኑን ስቦ ብቻ አይሄድም፤ ከጎማው ሥር ድንጋይ ያስደግፋል። ልማዱ የሚያስመሰግን ጥንቃቄ ነው። ይሁንና ድንጋዩ ያስፈለገው የኋላ ፍሬን ሸራ በተቀየረ ማግስት ከሆነ፣ በጥገናው ላይ ጥያቄ ማንሳት ይገባል።

የጥፋቱ መነሻ አብዛኛውን ጊዜ የኋላውን ዲስክ ፍሬን እንደ ፊተኛው መቁጠር ነው። በፊተኛው ካሊፐር አሮጌው ሸራ ወጥቶ አዲሱ ሲገባ ፒስተኑ በመጭመቂያ ቀጥ ብሎ ወደ ውስጥ ይገፋል። የኋላው ካሊፐር ግን በብዙ ሴዳኖች ላይ ሁለት ሥራ ተጥሎበታል፤ የሚሄደውን መኪና በፍሬን ዘይት ግፊት ያቆማል፣ የቆመውን ደግሞ በእጅ ፍሬን ገመድ ይይዛል። ለዚህም ሲባል ሸራው ባለቀ መጠን ራሱን የሚያስተካክል ባለ ጥርስ ብሎን በፒስተኑ ውስጥ ተገጥሟል። እንዲህ ያለው ፒስተን እየተገፋ መዞር አለበት። በጉልበት ቀጥ ብሎ ከተገፋ የውስጡ ብሎን ይጎዳል፤ የእግር ፍሬኑ ግን እንደ ወትሮው ሊይዝ ስለሚችል ጉዳቱ በጋራዡ በር ላይ አይታወቅም።

ሁሉም መኪና እንዲህ አይደለም። በቀደሙት ቶዮታ ካምሪዎች የእጅ ፍሬኑ በዲስኩ መካከል የተቀመጠ ትንሽ ታምቡር በመሆኑ ፒስተኑ ሳይዞር ይገባል። በአዳዲስ ሞዴሎች ደግሞ የገመዱን ቦታ የኤሌክትሪክ ሞተር ወስዶታል፤ ሞተሩ አምራቹ ባዘዘው መንገድ ወደ ጥገና ሁኔታ ሳይመለስ ፒስተኑ አይነካም። የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሳይለዩ መፍቻ ማንሳት ግምት እንጂ ሙያ ሊባል አይችልም።

የእጅ ፍሬኑ ላልቷል ሲባል የሚወሰደው መፍትሔ ነገሩን ያወሳስበዋል። ገመዱ ከማንሻው ሥር ይጠበቃል፤ ማንሻው ለጊዜው ይይዛል፣ ደንበኛውም አመስግኖ ይሄዳል። ነገር ግን የተወጠረ ገመድ የካሊፐሩን ክንድ ወደ ማረፊያው እንዳይመለስ ስለሚያግደው ራስ አስተካካዩ ሥራውን ያቆማል፤ ሸራውም ከዲስኩ ሳይላቀቅ እየተፋተገ ይጓዛል። ይህ መኪና ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ፣ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወርድ፣ በራሱ ፍትጊያ የጋለ ፍሬን ይዞ ነው። ዶት 3 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቅበታል፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን የሚጠበቅበት ዝቅተኛ ልክ 140 ነው። ዘይቱ ከፈላ እንፋሎቱ ስለሚታመቅ ፔዳሉ ያለ ተቃውሞ ይሰምጣል።

ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖችም ችላ ይባላሉ። ፒኖቹ ደርቀው ሲያዙ ብዙ ጊዜ የውስጠኛው ሸራ ከውጭኛው ቀድሞ ያልቃል፤ በቸርኬው ቀዳዳ አጮልቆ «ሸራው ገና ነው» የሚል ፍተሻ ግን የሚያየው ውጭኛውን ነው። ፒኖቹ ወጥተው መጽዳት፣ ከላስቲክ ጋር በሚስማማ የፍሬን ግራሶ መቀባት ይኖርባቸዋል፤ ከነዳጅ ዘይት የተሠራ ተራ ግራሶ ላስቲኩን ያሳብጣል። የዲስኩ ውፍረትም በራሱ ላይ ከተቀረጸው ዝቅተኛ ልክ ጋር ሊመሳከር ይገባል።

መካኒኩን ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም። ክፍያው በሸራ ቅያሪ እስከተተመነ ድረስ ፒን ማጽዳትና የእጅ ፍሬን ማስተካከል ያለ ዋጋ የሚሠራ ትርፍ ድካም ነው። ጋራዦች ይህን ለብቻው ዋጋ ቢያወጡለትና በደረሰኙ ላይ ቢጽፉት ባለመኪናውም የሚከፍልበትን ያውቃል። እርሱም በበኩሉ አሮጌዎቹን አራት ሸራዎች ተቀብሎ የውስጡን ከውጭው ጋር ያስተያይ። ርክክብ ከመደረጉ በፊት መኪናው ዳገት ላይ፣ አንዴ ሽቅብ አንዴ ቁልቁል ዞሮ፣ ያለ ድንጋይ በእጅ ፍሬኑ ብቻ ይሞከር፤ በሙከራው ጊዜ ግን ሾፌሩ ከመቀመጫው አይነሣ።